«የትኛው ይቅርብኝ?»

«ልጄ፣ ከሦስቱ የትኛው ይቅርብኝ?»

ጠያቂዋ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ቦታው የመድኃኒት ቤት መስኮት። ማዘዣው ላይ ሦስት ነገር ተጽፏል፦ ለስኳር ሜትፎርሚን፣ ለደም ግፊት ኢናላፕሪል፣ ለጉልበት ሕመም ፓራሲታሞል። ሒሳቡ ተደምሮ ሲነገራቸው በእጃቸው ያለው አልሞላም። ቀንሱልኝ አላሉም፤ በዱቤ ስጡኝም አላሉም። ገንዘቡን ደግመው ቆጠሩ፣ ማዘዣውን በጣታቸው ወደ መስኮቱ ገፋ አደረጉና ይህችን ጠየቁ።

ጥያቄውን ከሰማሁ ቆየሁ፤ እሱ ግን አልለቀቀኝም። ለሁሉም ስለሚዳረስ የጤና አገልግሎት ብዙ ይባላል፤ መብት ነው፣ የልማት መሠረት ነው፣ የአገር ክብር ነው። ይሁን። እኔ ግን ክርክሩን ሁሉ ወደዚህች መስኮት መልሼ ካላየሁት አይጥመኝም። ሴትዮዋ የጠየቁትን ሰምቶ ቀጥ ያለ መልስ የሚሰጥ ባለሙያ አላገኘሁምና።

እስቲ መልስ እንሞክር

ፓራሲታሞሉ ይቅር? ባለሙያው መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ከሦስቱ ቢቀር ሕይወት ላይ አደጋ የማይጥለው እሱ ነውና። ችግሩ፣ ሴትዮዋ መሥራቱን በራሳቸው አካል የሚያውቁት እሱን ብቻ መሆኑ ነው። ጉልበት ይናገራል። የደም ግፊት አይናገርም፤ 170 በ100 ይዞት ምንም ሳይሰማው ሥራውን ሲሠራ የሚውል ሰው ሞልቷል። ስኳርም እጅግ ካልናረ በቀር ዓይንንና ኩላሊትን የሚበላው ድምፁን አጥፍቶ ነው። ስለዚህ ባለሙያው የፈለገውን ቢመክር፣ ቤታቸው ገብተው ለብቻቸው ሲወስኑ የሚቀረው ኢናላፕሪሉ ነው። በእሳቸው ቦታ ብንሆን ብዙዎቻችን እንደዚያው እናደርጋለን።

እሺ፣ ሁሉንም በከፊል ይግዙ? ይህ በጣም የተለመደው መውጫ ነው። የ30 ቀኑ ይቀርና የ10 ቀን ይገዛል፤ ወይም የ30 ቀኑ ተገዝቶ አንድ ቀን እየተዘለለ ይዋጣል። አሁን የሚሆነውን ልብ በሉ። በቀጠሮው ቀን ግፊቱ ሲለካ ያው 170 ነው። ሐኪሙ ፊት ያለው ካርድ «ኢናላፕሪል 10 ሚሊግራም፣ በቀን ሁለቴ» ይላል፤ «ገንዘብ ስላነሰ በየሁለት ቀኑ» የሚል ነገር የለበትም። ታካሚዋም ያፍራሉ እንጂ አይናገሩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እዚህ ግን በሽታው በግልጽ ተጽፎ የተደበቀው ኪስ ነው። ሐኪሙ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ሌላ ይጨምራል፤ አምሎዲፒን እንበል። ማዘዣው አራት ሆነ። ለሦስት ያልበቃው ገንዘብ አሁን አራት ሊሻሙት ነው።

ይህ ዙር ጥቂት ዓመት ከተሽከረከረ ወዴት እንደሚያደርስ የሙያው ሰዎች ያውቁታል፤ ወደ ስትሮክ ወይም ወደ ኩላሊት መድከም። የኩላሊት እጥበት በማሽን ሲሆን በተለመደው አሠራር በሳምንት 3 ጊዜ ነው፣ በእያንዳንዱ 4 ሰዓት ያህል። በዓመት 156 ጊዜ መሆኑ ነው። አንዱ እጥበት ብቻ ከመቶ ሊትር በላይ በልዩ ሁኔታ የተጣራ ውሃ ይፈጃል፤ በዚያ ላይ ማጣሪያው፣ የሠለጠነችው ነርስ፣ አብሮ ሥራ የሚፈታው አስታማሚ አለ። በሌላው ወገን ያለው የባለቤትነት መብቱ ካበቃ ብዙ ዓመት የሆነው፣ በየትም አገር ፋብሪካ የሚመረት ተራ እንክብል ነው። እንክብሉን በጊዜው መስጠት ያቃተው ማኅበረሰብ ማሽኑን ይገዛል፤ ወይም ይቀብራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እዚህ ላይ ግን ደጋፊዎች የምናጋንነው ነገር አለ። መከላከል ሁልጊዜ ገንዘብ አያተርፍም። የግፊት መድኃኒት ከሚወስዱት ብዙዎቹ ባይወስዱትም ስትሮክ አይመታቸውም ነበር፤ ማን እንደሚመታ አስቀድሞ ስለማይታወቅ ነው ለሁሉም የሚሰጠው። ስለዚህ ጥሩው መከራከሪያ «ይቆጥባል» የሚለው አይደለም። ለሚወጣው ገንዘብ የሚገኘው ዕድሜና ጤና ብዙ ነው፤ ከዚህ በላይ ቃል መግባት አያስፈልግም።

«ነጻ ከሆነ ሰዉ ያጨናንቀዋል»

መስኮቱ ላይ ትንሽም ቢሆን ክፍያ መኖር አለበት የሚሉ ሰዎች ክርክራቸው ሞኝ አይደለም። ዋጋ የሌለው ነገር ይባክናል፤ ክፍያው ሰዉ የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው እንዲለይ ያስገድደዋል ይላሉ።

ይህ በሙከራ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም የጀመረው የጤና መድን ሙከራ ቤተሰቦችን በዕጣ መደባቸው፤ አንዳንዱ ሁሉንም በነጻ ታከመ፣ ሌላው ከወጪው 25፣ 50 ወይም 95 በመቶውን እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ ከኪሱ ከፈለ። የከፈሉት ሰዎች ሐኪም ቤት መመላለስ ቀነሱ፤ እስከዚህ ተከራካሪዎቹ ልክ ናቸው። የአማካዩ ሰው ጤናም በአብዛኛው አልተጎዳም፤ ይህንንም መደበቅ አይገባም። ነገር ግን ሰዎቹ ሲቀንሱ መርጠው አልቀነሱም። የሚጠቅመውንም የማይጠቅመውንም ሕክምና በተቀራራቢ መጠን ነው የተዉት። ድሃም በሽተኛም በሆኑት ላይ ደግሞ ልዩነቱ ጎልቶ ወጣ፤ በነጻ ከታከሙት መካከል የግፊት ሕመምተኞቹ ግፊታቸው የተሻለ ቁጥጥር ውስጥ ገባ።

ማለትም ክፍያው ወንፊት ይሆናል ተብሎ ግድግዳ ሆነ። ሴትዮዋ ኢናላፕሪሉን የሚተዉት ስለማያስቡ አይደለም፤ ለመምረጥ የሚያስፈልገው እውቀት መስኮቱ ላይ ስለማይገኝ ነው። ኢኮኖሚስቱ ኬኔት አሮው እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ጥናት ሕክምና ለምን እንደ ሌላ ገበያ እንደማይሆን ያስረዳው ከዚህ ተነሥቶ ነው። መቼ እንደምንታመም አናውቅም፤ የተሰጠን ሕክምና እንደሚያድነን አናውቅም፤ ሻጩ ደግሞ ስለ ዕቃው ከገዢው እጅግ አብልጦ ያውቃል። ጫማ ሲገዛ ልክ አልሆነ እንደሆነ እግር ይናገራል። ሕክምናን ማን ይለካዋል?

ስለ ብክነቱም ቢሆን፣ «ነጻ» የሚባለው ጉብኝት ነጻ ሆኖ አያውቅም። መጓጓዣ አለ፣ የሚፈታ ሥራ አለ፣ የሦስት ሰዓት ወረፋ አለ። መርፌ ለመወጋት ብሎ የዕረፍት ቀኑን የሚሰዋ ሰው ቢኖር እንኳ ቁጥሩ የጤና በጀት የሚያናጋ አይመስለኝም። ብክነት አለ፤ ግን በብዛት የሚመነጨው ከሚያዘው እጅ ነው፤ ያለ ምክንያት ከሚታዘዝ አንቲባዮቲክ፣ ከሚደጋገም ምርመራ፣ ከማይገባ ኤምአርአይ። ታካሚውን ማስከፈል የሐኪሙን እስክሪብቶ አያርመውም።

የመክፈያው ቀን

ገንዘቡ መከፈሉ አይቀርም። ሐኪሙም ፋብሪካውም በምርቃት አይኖሩም። ጥያቄው መቼ ይከፈል ነው፤ በታመሙበት ቀን ወይስ በጤናችን ቀን? በታመመበት ቀን ሰው ሥራ ፈትቷል፣ ተበድሯል፣ ለመደራደር አቅም የለውም። ከቀኖች ሁሉ ክፉውን መርጦ ማስከፈል ነው።

በጤና ቀን እንክፈል ካልን ደግሞ አንድ ላይ ካልሆነ አይሆንም። በቁጥር እንየው። 1,000 ሰዎች አሉ፤ በዓመት 50 ያህሉ ይታመማሉ፤ የአንዱ ሕክምና በየትኛውም ገንዘብ 2,000 ነው እንበል። ጠቅላላው 100,000 ነው፤ ለሁሉም ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 100። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።

አሁን መዋጮውን በፈቃድ እናድርገው። ወጣቱና ጤነኛው «እኔ ምን አገባኝ» ብሎ ይወጣል፤ 400 ሰው ወጣ እንበል። የወጡት ጤነኞቹ ስለሆኑ ከታማሚዎቹ የቀነሱት ሁለት ብቻ ናቸው። ለ48 ሰው 96,000 ያስፈልጋል፤ ከፋዩ 600፤ መዋጮው ወደ 160 አለ። 100 ሲሆን የታገሡ ሌሎች 250 ሰዎች በ160 ተስፋ ቆርጠው ወጡ። የቀሩት 350 ለ45 ታማሚ 90,000 ሊያዋጡ ነው፤ በነፍስ ወከፍ 257 ደረሰ። ማንም አልሰረቀም፤ ማንም አልዋሸም። እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ልክ የሆነውን አድርጎ ማኅበሩ ፈረሰ። የመድን ሰዎች ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁት ነው ኩባንያ ለግለሰብ መድን ሲሸጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ነባር ሕመም አለብህ ወይ?» የሚለው፤ አዎ ያለ ሰው ወይ ይጨመርበታል ወይ ይመለሳል። መድን በጣም የሚያስፈልገው ሰው መድን የሚያጣው በዚህ መንገድ ነው።

በፈቃደኝነት ብቻ ሁሉንም ማዳረስ የማይቻለው ለዚህ ነው። በግብር ይሁን በግዴታ መዋጮ፣ መውጫው በር መዘጋት አለበት። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1883 በመራሔ መንግሥቷ በቢስማርክ ዘመን የሠራተኞችን የሕመም መድን ስታውጅ በግዴታ ነበር፤ ሁለት ሦስተኛውን ሠራተኛው፣ አንድ ሦስተኛውን አሠሪው እየከፈለ። ደመወዝተኛ በበዛበት አገር ይህ ይሠራል፤ ከደመወዝ መቁረጥ ቀላል ነውና። አብዛኛው ሰው የግል ሥራ በሚሠራበት አገር ግን ከማን ላይ ይቆረጣል? እዚያ ላይ ከግብር መደጎም የግድ ይሆናል።

«ድሃው ብቻ በነጻ ይታከም፣ ሌላው ይክፈል» የሚለው ሐሳብ ሚዛናዊ ይመስላል፤ ሲሠራበት ግን ድሃ መሆንን ማስረዳት የሚባል አዲስ ሥራ ይፈጥራል። ወረቀት ለማጻፍ ቀን ይጠፋል፤ የሚያውቁት ሰው ያለው ቀድሞ ያገኛል፤ እውነተኛው ድሃ ደግሞ መጠየቁን ያፍራል። ከድህነት ትንሽ ከፍ ያለው ቤተሰብም የዘንድሮ ከፋይ፣ ከአንድ ቀዶ ሕክምና በኋላ የከርሞ ድሃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ሪፖርት በ2021 ወደ 4.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ መሠረታዊ የጤና አገልግሎት ሙሉ በሙሉ አልተዳረሰውም፤ በ2019 ደግሞ 2 ቢሊዮን ያህሉ በሕክምና ወጪ የተነሣ ለገንዘብ ችግር ተዳርጓል።

ጤነኛው ለምን ይክፈል?

ለሳንባ ነቀርሳ ይህን ጥያቄ የሚያነሣ የለም። ሕክምናው በተለመደው 6 ወር ነው፤ የመጀመሪያውን 2 ወር አራት መድኃኒት፣ ቀጣዩን 4 ወር ሁለት። በአብዛኛው ዓለም ለታካሚው በነጻ ይሰጣል፤ ያቋረጠ ሰው መድኃኒት የተላመደ ተሐዋሲ ይዞ አውቶቡስ ውስጥ አጠገባችን እንደሚቀመጥ ስለገባን። ፍርሃታችን ለጋስ አደረገን።

የሰባት ዓመት ልጅ ዓይነት አንድ ስኳር ሲይዛት ግን አጠገቧ የተቀመጠ ማንም አይያዝም። ስንፍና አላመጣባትም፤ የምግብ ምርጫዋም አላመጣባትም፤ ሰውነቷ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ህዋሶች ራሱ አጠፋቸው። ያለ ኢንሱሊን በሕይወት አትቆይም። ኢንሱሊንን ያገኙት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1923 የፈጠራ መብቱን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በምሳሌያዊ ዋጋ ነበር ያስተላለፉት። አንድ ልጅ የምትኖረው ወይም የምትሞተው አባቷ በዚያ ወር ሥራ ስላገኘ ወይም ስላላገኘ ከሆነ፣ ይህን ፍትሕ ብሎ የሚጠራ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። «ያጨሰው ይክፈል» የሚል ይገጥመኛል። ለትምባሆ መልሱ ሲገዛ ግብር መጣል ነው፤ ካንሰሩ ከመጣ በኋላ አልጋው ሥር ቆሞ ጥፋት መቁጠር ለሐኪም የሚሰጥ ሥራ አይደለም። ከዚያም በላይ ጥፋቱ ስንቱ የሱ፣ ስንቱ የዘሩ፣ ስንቱ የሥራ ቦታው እንደሆነ የሚለካ መሣሪያ የለም።

የት ላይ ይበላሻል?

ነጻ ነው ብሎ ማወጅ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በማርች 2001 በመንግሥት ጤና ተቋማት የታካሚ ክፍያን አነሣች። ታካሚው ጎረፈ፤ በተለይ ድሃው። በኋላ ሲጠና ግን በድሃው ቤተሰብ ላይ የሚወድቀው ከባድ የሕክምና ወጪ እንደታሰበው አልቀነሰም። ከምክንያቶቹ ዋናው መደርደሪያው ነበር፤ ጤና ጣቢያው በነጻ መርምሮ መድኃኒቱ ሲያልቅበት ማዘዣ ይጽፋል፣ ማዘዣው ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይሄዳል። ማለት ወደዚያችው መስኮት። ክፍያውን ያነሣ መንግሥት የቀረውን ገቢና የሚጨምረውን ታካሚ አስልቶ መድኃኒቱን ቀድሞ ካልገዛ፣ የተነሣው ክፍያ በሌላ በር ይመለሳል።

ሁለተኛው የታፈነ ፍላጎት ነው። ብሪታንያ ጁላይ 5 ቀን 1948 በጤና ሚኒስትሩ በአኑሪን ቤቫን መሪነት ብሔራዊ የጤና አገልግሎቷን ስትከፍት የመነጽርና የሰው ሠራሽ ጥርስ ጠያቂው ከግምት በላይ ሆነ። ለዓመታት ሳያዩ የኖሩ ሰዎች ነበሩ። በ1951 መንግሥት በሁለቱ ላይ ክፍያ ሲጥል ቤቫን ከሥልጣኑ ለቀቀ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ወጪ አይቶ «ይኸው አይቻልም» ማለት የታገደ ውሃ ሲለቀቅ አይቶ ወንዙ ዘላለም እንዲህ ይሞላል እንደ ማለት ነው።

ሦስተኛውና ተንኮለኛው የአከፋፈል ዘዴው ነው። ሐኪም ቤቱ በየአገልግሎቱ ከተከፈለው ብዙ ይሠራል፤ የማያስፈልገውንም ጭምር። በተመዘገበለት ሰው ቁጥር ልክ አስቀድሞ ከተከፈለው ወጪ ይቆጥባል፤ ከባድ በሽተኛ ሲመጣም ፊቱ ይጠቁራል። በቋሚ ደመወዝ ብቻ ከሆነ ወረፋው አያስጨንቀውም። ንጹሕ ዘዴ የለም፤ አገሮች የሚያቀላቅሉት ለዚህ ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1961 ሕዝቧን ሁሉ በመድን ሥር ስታስገባ የአገልግሎት ዋጋው በአገር አቀፍ ሠንጠረዥ የሚወሰን ሆነ፤ ሠንጠረዡ በየሁለት ዓመቱ ይከለሳል፣ አላግባብ የበዛ ምርመራ ካለ ዋጋው ዝቅ ይደረጋል።

ጥያቄው ወዴት ሄደ?

ለሁሉም የሚዳረስ የጤና አገልግሎት «የትኛው ይቅርብኝ?» የሚለውን ጥያቄ ያጠፋዋል ብዬ አስብ ነበር። አያጠፋውም። የትኛውም በጀት ሁሉንም ነገር ለሁሉም አይገዛም፤ የሆነ ነገር ይቀራል። የሚለወጠው ጠያቂው ነው። ከሴትዮዋ ላይ ይነሣና፣ መረጃ ያላቸውና ለምን ተብለው ሊጠየቁ የሚችሉ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል።

ታይላንድ ይህን ያየችው በኩላሊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ከሌላ ሽፋን ውጭ የነበረውን ሕዝቧን ሁሉ በግብር በሚደጎም መድን ስታስገባ ገና ሀብታም አልነበረችም፤ ታካሚው በአንድ ጉብኝት 30 ባት ብቻ ይከፍል ነበር፣ እሱም በ2006 ተነሣ። የኩላሊት እጥበት ግን ይህ መድን ከሚሸፍነው የአገልግሎት ጥቅል ውጭ ቀረ፤ በጣም ውድ ነው ተብሎ። የመንግሥት ሠራተኞችና የደመወዝተኞች መድን ይሸፍነው ስለነበር አንዱ በመድኑ ሲታጠብ ሌላው ቤቱን ይሸጣል። የታካሚዎች ማኅበራት ጮኹ፤ የወጪ አጥኚዎች ቁጥሩን ይዘው መጡ። በ2008 መልስ ተገኘ፤ እጥበቱ ይሸፈናል፣ ግን መጀመሪያ በማሽን ሳይሆን በሆድ ዕቃ በኩል። ታካሚው ቤቱ ሆኖ 2 ሊትር ያህል ፈሳሽ በሆዱ ላይ በተተከለ ቱቦ ያስገባል፣ ጥቂት ሰዓት ይዞ ያስወጣል፣ በቀን አራት ጊዜ ያህል። እጁን በደንብ ሳይታጠብ ቱቦውን የነካ ቀን የሆድ ዕቃ ሽፋኑ ይመረቅዛል፤ ስለዚህ ሥልጠናው የሚጀምረው ከሳሙና ነው። ከማሽኑ ማእከል ርቆ ላለ ሰው የፈሳሹን ካርቶን ደጁ ድረስ የሚያደርስለት የፖስታ ድርጅቱ ሆነ።

በ2022 ደንቡ ተለወጠ፤ ታካሚው ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ በማሽን ወይም በሆድ ብሎ እንዲመርጥ ተፈቀደለት። ማሽኑን የሚመርጠው በዛ፤ በጀቱም ተወጠረ። የትኛው ይቅር የሚለው ክርክር ጠረጴዛው ላይ እንደገና ተከፈተ።